የኢንተርኔት ኬላዎችና የነጋዴው መልእክት

ቡናውን ከቦንጋ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ጭነቱን ከማስረከቡ በፊት የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ይመዘግባል፤ የሾፌሩን ማንነት ያረጋግጣል፤ መንገዱ በጅማ በኩል ክፍት መሆኑንና በየኬላው የሚጠየቀው ወረቀት መሟላቱን ይመረምራል። ይኸው ነጋዴ የቡናውን ዋጋ፣ የውሉን ቃልና የባንኩን ትእዛዝ በኢንተርኔት ሲልክ ግን መልእክቱ በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ በየትኛው በር እንደሚወጣና ያ በር ቢዘጋ ሌላ መውጫ ይኖር እንደ ሆነ አይጠይቅም። ጭነት አንድ ቀን ቢዘገይ የሚደርሰው ኪሳራ አስቀድሞ ይታወቃል፤ መልእክት አንድ ቀን ሲዘገይ ግን ጭነቱም ገንዘቡም አብረው እንደሚቆሙ የሚታሰበው ነገሩ ከደረሰ በኋላ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ኢንተርኔት የሚባለው መረብ ከምን እንደ ተሠራ፣ መረቦች እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚገናኙና መልእክትን እንዴት እንደሚቀባበሉ፣ ይህም ለካፋ ዞን ነጋዴ ምን ትርጉም እንዳለው ባጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን። ነገሩ ሲያዩት የመሐንዲሶች ሙያ ይመስላል። በመሠረቱ ግን በውል፣ በሒሳብና በመተማመን የሚመራ ስለ ሆነ ንግድን የሚያውቅ ሰው ሊያስተውለው አያዳግተውም።

የጥንቱ የሲራራ መንገድ

በ19ኛው መቶ ዓመት ቦንጋ የካፋ መንግሥት ታላቅ የንግድ ከተማ ነበረች። ከካፋ የሚወጣው ቡና፣ ዝባድ፣ ኮረሪማና የዝሆን ጥርስ በጅማ አልፎ፣ በሊሙ እናርያ በሳቃ ገበያ ተገበያይቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ውስጥ ባሶ ይደርስ ነበር፤ ከዚያም በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ይወርዳል። በምላሹም አሞሌ ጨውና የውጭ አገር ዕቃ ወደ ካፋ ይገባል። በዚያው መንገድ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበር ታሪክ አይክደውም።

ይህን ሁሉ መንገድ የሚያዝ አንድ ጌታ አልነበረም። ካፋ የራሱ ንጉሥ ነበረው፤ ጅማም ሊሙ እናርያም እንዲሁ። የካፋ መንግሥት ወሰኑን በጥልቅ ቦይና በአጥር አስከብሮ መግቢያና መውጫውን በተጠበቁ በሮች ብቻ አድርጎ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣውም ነጋዴ በቦንጋ እንዲገበያይ እንጂ ከዚያ አልፎ እንደ ልቡ እንዲዘዋወር አይፈቀድለትም ነበር። እያንዳንዱ መንግሥት በግዛቱ ውስጥ ራሱ ባወጣው ሥርዓት ይተዳደራል፤ ከጎረቤቱ ጋር ግን በኬላው ላይ ይገናኛል። የቦንጋ ነጋዴ ንግዱን ለመሥራት ምጽዋን ማየት አላስፈለገውም። ቀጥሎ ያለውን ገበያና በዚያ ገበያ ዕቃውን ወደ ፊት የሚያሳልፍለትን ሰው ማወቅ በቂው ነበር። ዕቃውም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ባሕር ይደርሳል።

የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 ወደ ማእከላዊው መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ የጥንቱ በሮች አገልግሎታቸው ቀርቷል። ነገር ግን ብዙ ራሳቸውን የቻሉ ግዛቶች ያለ አንድ የበላይ አዛዥ እንዴት አንድ ረጅም መንገድ ሊሆኑ እንደሚችሉ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ ኢንተርኔት የተሠራው በዚሁ ዓይነት ነውና።

ራስ ገዝ ሥርዓት ምንድን ነው?

ኢንተርኔት በአንድ ባለቤት የተዘረጋ አንድ መረብ ሳይሆን የብዙ መረቦች ኅብረት ነው። በኅብረቱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መረብ በባለሙያዎች ዘንድ ራስ ገዝ ሥርዓት ይባላል። እንዲህ መባሉም በክልሉ ያለውን ገመድ፣ ማማና መሣሪያ ባለቤቱ እንደ ፈቀደ ስለሚያስተዳድረውና ሌላው መረብ በውስጥ ጉዳዩ ስለማይገባ ነው። የስልክ ኩባንያ፣ ትልቅ ባንክ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ወይም እንደ ጉግል ያለ ድርጅት እያንዳንዱ የራሱ ራስ ገዝ ሥርዓት ሊኖረው ይችላል። ዛሬ በዓለም ላይ በሥራ ላይ የሚገኙት ራስ ገዝ ሥርዓቶች ከ70,000 በላይ ናቸው።

እያንዳንዱም የሚታወቅበት መለያ ቁጥር አለው። ለአፍሪካ አገሮች ይህን ቁጥር የሚያድለው ጽሕፈት ቤቱ በሞሪሺየስ የሚገኘው አፍሪኒክ የተባለው ድርጅት ሲሆን ዕውቅና ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የኢትዮ ቴሌኮም መለያ ቁጥር 24757 ነው። ነጋዴ የግብር ከፋይነት መለያ ቁጥር ሳይኖረው ደረሰኝ አሳትሞ ሊነግድ እንደማይችል ሁሉ፣ መረብም የራሱ ቁጥር ሳይኖረው በኬላው ላይ ቆሞ ከሌሎች መረቦች ጋር በስሙ ሊነጋገር አይችልም።

ከመለያ ቁጥሩ ሌላ መረቡ የአድራሻዎች ክልል ይኖረዋል። ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ሁሉ በቁጥር የተጻፈ አድራሻ ያስፈልገዋልና፣ መረቡ ከተመደበለት ክልል እየቀነሰ ለደንበኞቹ ያድላል። ስለዚህ አድራሻውን ያየ ሰው ባለ አድራሻው በየትኛው መረብ ውስጥ እንደሚገኝ ሊያውቅ ይችላል፤ የቀበሌውንና የወረዳውን ስም ያየ ሰው ደብዳቤውን ወዴት እንደሚወስድ እንደሚያውቅ ማለት ነው።

መንገዱ እንዴት ይታወቃል?

መልእክት በኢንተርኔት ሲላክ እንደ አንድ ሙሉ ጭነት አይጓዝም። በትንንሽ ጥቅሎች ይከፋፈላል፤ በእያንዳንዱም ጥቅል ላይ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ ይሰፍራል። በየመገናኛው ራውተር የሚባል መሣሪያ አለ፤ ሥራውም የተቀባዩን አድራሻ አይቶ ጥቅሉን ወደሚቀጥለው ጣቢያ ማሳለፍ ነው። ራውተሩ እስከ መጨረሻው ያለውን መንገድ አይመራም፤ የሚወስነው ቀጣዩን እርምጃ ብቻ ነው።

ታዲያ የትኛው መንገድ ወዴት እንደሚወስድ በምን ያውቃል? ጎረቤቶቹ ስለሚነግሩት ነው። በሁለት ራስ ገዝ ሥርዓቶች ወሰን ላይ ያሉ ራውተሮች የሚነጋገሩበት ቋንቋ ቢ.ጂ.ፒ. ይባላል፤ ትርጉሙም የወሰን በሮች መነጋገሪያ ደንብ እንደ ማለት ነው። ይህን ደንብ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1989 በአሜሪካ አገር ያኮቭ ሬክተርና ኪርክ ሎሂድ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች በምሳ ጠረጴዛ ላይ በወረቀት የአፍ መጥረጊያ እንደ ነደፉት ይነገራል። ዛሬ የሚሠራበት አራተኛው እትሙ ሲሆን፣ እርሱም በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጥቶ በ2006 ታርሟል።

ንግግሩም እንዲህ ነው። አንድ መረብ ለጎረቤቱ «እነዚህ አድራሻዎች በእኔ ዘንድ ይገኛሉ» ብሎ ያስታውቃል። ጎረቤቱ ይህን ቃል ተቀብሎ የራሱን መለያ ቁጥር ይጨምርበትና ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ሦስተኛውም እንዲሁ ያደርጋል። እንዲህ እየሆነ የአዲስ አበባው ማስታወቂያ ሐምቡርግ ሲደርስ በላዩ ላይ ያለፈባቸው መረቦች ቁጥሮች በተራ ተደርድረው ይገኛሉ፤ ልክ በየኬላው ማኅተም እንደ ተመታበት የጉዞ ወረቀት። የሐምቡርጉ መረብ ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ በፈለገ ጊዜ ይህን ዝርዝር ይመለከታል። በዝርዝሩ ውስጥ የራሱን ቁጥር ያገኘ መረብ ቢኖር መንገዱ ዞሮ ወደ እርሱው የሚመለስ መሆኑን ተረድቶ ይተወዋል። በዚህ ዘዴ መልእክቱ በከንቱ ሲሽከረከር ከመኖር ይድናል።

ከብዙ ጎረቤቶች ብዙ ማስታወቂያ ሲመጣ የሚቀድመው ይበልጥ ለይቶ የሚናገረው ነው። በአንድ መገንጠያ ላይ ሁለት ምልክቶች ቢኖሩና አንዱ «ወደ ካፋ ዞን»፣ ሁለተኛው «ወደ ቦንጋ ከተማ» ቢል፣ ቦንጋ የሚሄደው ሾፌር ሁለተኛውን ይከተላል። ራውተርም እንደዚሁ ነው። ይህ ሕግ ለሥራ የሚያመች ቢሆንም አደጋም አለበት፤ እርሱን ከዚህ በታች እናየዋለን።

በእነዚህ መረቦች መካከል በአሁኑ ጊዜ የሚታወጁት መንገዶች ቁጥር ወደ 1,000,000 የሚጠጋ ነው። ሆኖም ሁሉን የሚያዝ ማእከላዊ ጽሕፈት ቤት የለም፤ የመላውን መንገድ ካርታም የያዘ አንድ ሰው የለም። እያንዳንዱ ከጎረቤቱ የሰማውን ያምናል፤ የሰማውንም ያስተላልፋል።

መንገድን የሚመርጠው ሒሳብ ነው

ብዙ ሰው መልእክት በአጭሩ መንገድ የሚሄድ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መረቦች የሚገናኙት በውል ነው፤ ውሉም በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ነጋዴው በጂቡቲ ወደብ ስለሚያውቀው ትራንዚት ይባላል። አነስተኛው መረብ ለትልቁ መረብ ገንዘብ ይከፍላል፤ ትልቁም የከፋዩን መልእክት ወደ መላው ዓለም ያሳልፋል፣ ከመላው ዓለምም ያመጣለታል። ይህ በዋጋ የሚሠራ የአስተላላፊነት ሥራ ነው። ሁለተኛው የአቻነት ውል ነው። መጠናቸው የተቀራረበ ሁለት መረቦች «የእኔ ደንበኞችና የአንተ ደንበኞች በመካከላችን ያለ ክፍያ ይለዋወጡ» ብለው ይስማማሉ። በዚህ ውል ግን አንዱ የሌላውን መልእክት ወደ ሦስተኛ ወገን የማሳለፍ ግዴታ የለበትም፤ ማንም ያለ ዋጋ የሁለት ጎረቤቶች ጭነት ተሸካሚ ሊሆን አይወድምና።

ከዚህ የተነሣ ወደ አንድ አድራሻ ብዙ መንገድ ሲቀርብለት መረቡ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚመርጠው በከፋይ ደንበኛው በኩል የሚያልፈውን ነው፤ ገቢ ያስገኝለታልና። ቀጥሎ በአቻው በኩል ያለውን ይመርጣል፤ ወጪ የለበትምና። በመጨረሻ ራሱ ገንዘብ ከፍሎ በሚተላለፍበት መንገድ ይልካል። የመንገዱ ርዝመት የሚቈጠረው እነዚህ እኩል ሲሆኑ ነው። ስለዚህ በካርታ ላይ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ሰዎች በመልእክት ሩቅ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መረቦቻቸው ካልተዋዋሉ መልእክታቸው ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል።

የኬንያ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በናይሮቢ የነበሩት የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች በመካከላቸው የሚገናኙበት ስፍራ ስላልነበራቸው በአንድ ከተማ ውስጥ የሚላክ መልእክት በሳተላይት ወደ ውጭ አገር ወጥቶ ይመለስ ነበር። ሳተላይቱ ያለው ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለ ሆነ፣ ለአንድ ጥያቄና መልስ ምልልስ ብቻ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይጠፋል፤ ሁለቱም ወገኖች በሳተላይት ሲገለገሉ ደግሞ ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ለዚህም ሁሉ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2000 ማለቂያ ላይ አገልግሎት ሰጪዎቹ በናይሮቢ አንድ የመለዋወጫ ጣቢያ አቋቋሙ። ብቸኛ የመገናኛ መብት የነበረው የአገሩ የስልክ ድርጅት አቤቱታ በማቅረቡ ጣቢያው ተዘጋ፤ ነገር ግን ክርክሩ ቀጥሎ ፈቃድ ተሰጥቶት እ.ኤ.አ. በ2002 እንደ ገና ተከፈተ። የመለዋወጫ ጣቢያ ማለትም ልክ እንደ ገበያ ቀን አደባባይ ነው፤ እያንዳንዱ መረብ አንድ ገመድ ወደዚያ ስቦ ከሁሉም ጋር በአንድ ስፍራ ይገናኛል። የአገር ውስጥ መልእክት በአገር ውስጥ ይቀራል፤ ወጪውም ይቀንሳል።

የኢትዮጵያ በሮች

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ለሕዝብ አገልግሎቱን የሚሰጠው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር፤ ይኸውም የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን፣ ከኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ወዲህም ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ዘርፉን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቋቋመ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በ2014 ዓ.ም. ማለቂያ በድሬዳዋ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። እንግዲህ ቀድሞ በአንድ መረብ ውስጥ የነበረው የኢትዮጵያ ተጠቃሚ ዛሬ በሁለት ታላላቅ መረቦች ተከፍሏል። የእነርሱ የእርስ በርስ ግንኙነት ጥያቄም ለነጋዴው የሚነካው ጉዳይ ሆኗል፤ ገዢው በአንዱ፣ ሻጩ በሌላው ላይ ሊገኙ ይችላሉና።

አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መልእክትም እንደ ዕቃ በጎረቤት አገር በኩል ወደ ባሕር ይወርዳል። የኢትዮጵያ ገመዶች የሚወጡት በጂቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ነው። ከእነዚህም ጂቡቲ ብዙ የባሕር ገመዶች የሚያርፉባት ስፍራ ናት፤ የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ ተከትሎ የሚሄደው ኢሲ እ.ኤ.አ. በ2010፣ እስያን፣ አፍሪካንና አውሮጳን የሚያገናኘው ኤ.ኤ.ኢ.-1 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 አገልግሎት ጀምረዋል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 5,000 ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ የአንድ ሴኮንድ 20ኛ ክፍል ብቻ ነው። ርቀቱ ስለዚህ ብዙም አያሰጋም። ሥጋቱ በሮቹ ጥቂቶች መሆናቸው ነው።

ከጂቡቲ ወደ አውሮጳ የሚሄደው ገመድ በቀይ ባሕር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2024 በቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት የባሕር ገመዶች፣ ይኸውም ኤ.ኤ.ኢ.-1፣ ኢ.አይ.ጂ. እና ሲኮም ተቆረጡ። በሚሳይል ተመትታ ባለ ሠራተኞቿ የተዋት ሩቢማር የምትባል የጭነት መርከብ መልሕቋን እየጎተተች ስትንሳፈፍ ገመዶቹን ሳትቆርጥ እንዳልቀረች ተነግሯል። ስፍራው የጦርነት ወረዳ ስለ ነበር ጥገናው ወራት ፈጀ። እንዲህ ባለው ጊዜ ቢ.ጂ.ፒ. ጥቅሙን ያሳያል። ገመዱ የተቆረጠበት መረብ «በዚህ በኩል የነበረው መንገድ ቀርቷል» ብሎ ያስታውቃል፤ ጎረቤቶቹም በደቂቃዎች ውስጥ ሌላ መንገድ ይመርጣሉ። ማንም ሰው ትእዛዝ መስጠት አያስፈልገውም። ነገር ግን ሌላ መንገድ የሚገኘው አስቀድሞ ሌላ ገመድ ለተከራየና ሌላ ውል ለተዋዋለ ብቻ ነው። በአንድ በር ብቻ የሚወጣ መረብ በሩ ሲዘጋ ቢ.ጂ.ፒ. ምንም ሊያደርግለት አይችልም።

የበሩ አንድ መሆን በገመድ መቆረጥ ብቻ አይታይም። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. ማለቂያ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። በዚያን ጊዜ አገልግሎት ሰጪው አንድ ብቻ ስለ ነበር አንድ ውሳኔ የአገሪቱን ነጋዴ ሁሉ ከውጭ ደንበኛው ጋር ለማቋረጥ በቃ። ከዚያ ወዲህ የንግዱ ኑሮ ይበልጥ በመረብ ላይ ተመሥርቷል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ የባንክ ዝውውርም በስልክ መሆኑ ተለምዷል፤ በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በድምፅ ይካሄድ የነበረውን ግብይት ወደ ኤሌክትሮኒክ አዛውሯል። ስለዚህ ተመሳሳይ መቋረጥ ዛሬ ቢደርስ ጉዳቱ ከያኔው ይበልጣል እንጂ አያንስም።

በስሕተት የተነገረ መንገድ

መረቦች የጎረቤትን ቃል በማመን ስለሚሠሩ የተሳሳተ ቃልም እንደ እውነተኛው ይዛመታል። እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም ድርጅት ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ብቻ ለመዝጋት አስቦ የዩቲዩብን አድራሻዎች «በእኔ ዘንድ ናቸው» የሚል ማስታወቂያ በመረቡ ውስጥ አወጣ። ማስታወቂያው ግን አምልጦ ወደ ውጭ ወጣ፤ አስተላላፊው ድርጅትም ሳይመረምር ለዓለም አሰራጨው። የፓኪስታኑ ቃል ከዩቲዩብ ቃል ይበልጥ ለይቶ የሚናገር ስለ ነበር፣ ከላይ እንደ ገለጽነው የዓለም ራውተሮች እርሱን መረጡ፤ ዩቲዩብም ለሁለት ሰዓት ያህል ከብዙ የዓለም ክፍሎች ጠፋ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ደግሞ ፌስቡክ በራሱ የጥገና ስሕተት የአድራሻ መዝገቡ ወደሚገኝበት ስፍራ የሚወስደውን መንገድ ከማስታወቂያ አወጣ፤ ከዋትሳፕና ከኢንስታግራም ጋር ለስድስት ሰዓት ያህል ሳይገኝ ዋለ። ሕንጻዎቹና መሣሪያዎቹ በስፍራቸው ነበሩ፤ ነገር ግን ወደ እነርሱ የሚያደርስ መንገድ የሚናገር አልነበረም። ከቦንጋ በዋትሳፕ ዋጋ የሚጠይቅ ነጋዴ በዚያን ቀን መልስ ያጣው ከደንበኛው እንቢታ የተነሣ አልነበረም።

ለዚህ በሽታ የተገኘው መድኃኒት ለንግድ ምክር ቤት አባሎች እንግዳ አይሆንም። ቡና ወደ ውጭ ሲላክ ምክር ቤት የትውልድ አገሩን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ለኢንተርኔት አድራሻም የአድራሻው ባለቤት «ይህን አድራሻ ለማስታወቅ የተፈቀደለት ይህ መለያ ቁጥር ያለው መረብ ብቻ ነው» የሚል የተፈረመ የመነሻ ምስክር ያስመዘግባል። ምስክሩን የሚያገላብጥ መረብ ከእርሱ ጋር የማይስማማውን ማስታወቂያ ይጥላል። ምስክር ማስመዝገብ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በወደብ ላይ የሚያነበው ከሌለ የትውልድ አገር ወረቀት እንደማይጠቅም፣ ይህም ምስክር የሚጠቅመው ሌሎች መረቦች ሲመረምሩት ነው።

ይህ ለካፋ ነጋዴ ምን ማለት ነው?

ካፋ የቡና አገር ነው፤ ጫካውም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የሕይወት ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ቦንጋም የምርት ገበያው ቡና ተቀባይ መጋዘን ካለባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ትገኛለች። የአውሮጳ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ ወደ ገበያው የሚገባው ቡና ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ ያልበቀለ መሆኑ እንዲረጋገጥ ያዛል፤ ለዚህም የማሳው ትክክለኛ የመልክዐ ምድር ነጥብ እንዲቀርብ ይጠይቃል። የሥራ ላይ መዋያው ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም አካሄዱ የታወቀ ነው፤ ቡናው በመርከብ ከመድረሱ በፊት ስለ ቡናው የሚናገረው ጽሑፍ በመረብ መድረስ አለበት። ስለዚህ የመልእክት መንገድ የቡና መንገድ አንዱ ክፍል ሆኗል።

ከዚህ በመነሣት ነጋዴው ሊያስብባቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ አቅሙ የሚፈቅድለት ነጋዴ በመሥሪያ ቤቱ የሁለት ልዩ ልዩ ኩባንያዎች መስመር ቢኖረው ይበጀዋል። የአንድ ኩባንያ ሁለት መስመር ሁለት በር አይደለም። ሁለት ኩባንያዎችም ቢሆኑ አንድ ማማ ወይም አንድ የተቀበረ ገመድ ተከራይተው ሊሆን ይችላልና፣ መስመሮቹ በየት በየት በኩል እንደሚያልፉ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። መንገድ ሲሠራ የቁፋሮ መኪና የሚቆርጠው ገመድ የሁለቱንም ደንበኛ አንድ ላይ ያስቀራልና።

ሁለተኛ፣ የሒሳብ መዝገቡን፣ የድረ ገጹን ወይም የደንበኞቹን ዝርዝር የሚያስቀምጥለት ድርጅት ዕቃውን የት እንደሚያኖር ይወቅ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ በአይ.ሲ.ቲ. ፓርክ የግል የመረጃ ማእከሎች ተከፍተዋል። የዓለም አቀፉ መስመር ሲቋረጥ በአገር ውስጥ የተቀመጠው ሊገኝ ይችላል፤ በውጭ አገር ያለው ግን ከነቁልፉ ይርቃል። በሌላ በኩል በአንድ ስፍራ ብቻ የተቀመጠ ነገር ሁሉ በአንድ አደጋ ሊጠፋ ስለሚችል ቅጂውን ሌላ ዘንድ ማኖር አይጎዳም።

ሦስተኛ፣ ቀን የተቈረጠለትን ሰነድ በመጨረሻው ሰዓት አይላክ። የማሳዎቹን ነጥብ፣ የውሉን ቅጂና የመጋዘን ደረሰኙን በእጁ ባለው ኮምፒዩተርና በወረቀትም ያስቀምጥ። ከገዢው ጋር በሚፈርመው ውል ውስጥም የመገናኛ መቋረጥ ቢደርስ የማስረከቢያው ቀን በምን ያህል እንደሚራዘምና ማስታወቂያው በምን መንገድ እንደሚሰጥ አንድ አንቀጽ ያስገባ። የመንገድ መዘጋትና የወደብ መጨናነቅ በውል የሚጻፉ ከሆነ የመረብ መቋረጥ የማይጻፍበት ምክንያት የለም።

አራተኛ፣ ነጋዴዎች መቋረጥ በደረሰባቸው ጊዜ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቆየበትን ጊዜና ያስከተለውን ኪሳራ እየመዘገቡ ለምክር ቤታቸው ቢያቀርቡ መልካም ነው። «መረቡ ደካማ ነው» የሚል የአንድ ሰው ምሬት ከቡና ቤት አያልፍም፤ በቀንና በሰዓት የተደገፈ የብዙ ነጋዴዎች መዝገብ ግን ለአገልግሎት ሰጪዎቹም ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣንም ሊቀርብ የሚችል ማስረጃ ነው። በዚህም መሠረት ጥያቄው «ፍጥነት ጨምሩልን» በሚል ብቻ ሳይወሰን፣ ወደ ቦንጋ የሚመጣው ገመድ ስንት ነው? ከአገር የሚወጣው በስንት በር ነው? የአገር ውስጥ መልእክት በአገር ውስጥ ይለዋወጣልን? የአድራሻዎቹ የመነሻ ምስክር ተመዝግቧልን? ተብሎ በስሙና በቁጥሩ ሊጠየቅ ይችላል።

ኢንተርኔት ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም፤ ገመዱ የሰው፣ ውሉ የሰው፣ ስሕተቱም የሰው ነው። በጥንት ጊዜ ከቦንጋ ተነሥቶ በአንድ ኬላ ብቻ የሚተማመን ሲራራ ኬላው ሲዘጋ ከነጭነቱ ይቀር ነበር፤ ብዙ ገበያና ብዙ ወዳጅ ያለው ግን መንገዱን ለውጦ ይደርሳል። የዛሬውም ነጋዴ መልእክቱ የሚያልፍባቸውን በሮች ቈጥሮ ይወቅ፤ አንድ ብቻ ሆኖ ካገኘው ሁለተኛውን ሳይዘገይ ይፈልግ።